ስለ ሁለት የቲቤት መዝገበ ቃላት

ስለ ቲቤት ቋንቋ የሚጽፉ ብዙዎች አንድ አባባል ይደጋግማሉ፤ ይኸውም የቲቤት አጻጻፍ ከንግግሩ የራቀና የማይነበቡ ፊደላት የተከመሩበት ነው የሚል ነው። ይህን ፍርድ ለመመርመር ሁለት የቆዩ መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው በ1834 ዓ.ም. በካልካታ የታተመው የሐንጋሪው ሊቅ የአሌክሳንደር ቾማ ሥራ ነው። ቾማ የሕዝቡን ጥንተ ዘር ሊፈልግ ከአገሩ ወጥቶ፣ በዛንስካር ተራሮች መካከል ከአንድ የተማሩ ላማ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። የመምህሩን የሳንግዬ ፑንጾግን ስም በመጽሐፉ የአርእስት ገጽ ላይ አስገብቷል፤ ይህ የሚያስመሰግን ቅንነት ነው። ነገር ግን የተማረው የመጻሕፍቱን ቋንቋ ስለ ሆነ፣ እረኛውና ነጋዴው እንዴት እንደሚናገሩ ከሥራው ለማወቅ ያስቸግራል።

ሁለተኛው በ1881 ዓ.ም. በሎንዶን የታተመው የሃይንሪኽ ኦገስት ዬሽኬ መዝገበ ቃላት ነው። ዬሽኬ በላሁል አውራጃ በኬላንግ የሞራቪያ ወንድሞች ሚሲዮናዊ ነበረ። መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጉም ሕዝቡ የሚገባውን ቃል መፈለግ ግድ ስለ ሆነበት ጆሮውን ወደ ሰዉ አፍ አዘነበለ። በመግቢያው ላይ ቃላት ከባልቲ እስከ ካም ድረስ በየአገሩ እንዴት እንደሚነገሩ የሚያነጻጽር ሰንጠረዥ አለ። በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ለምን ቢባል፣ «ኮከብ» ሲጻፍ «ስካርማ» ነው። የላሳ ሰው «ካርማ» ይላል፤ የላዳክ ሰው ግን እንደ ተጻፈው «ስካርማ» ይለዋል። «ሺህ» በጽሑፍ «ስቶንግ»፣ በላሳ «ቶንግ»፣ በላዳክ «ስቶንግ» ነው። እንግዲህ በላሳ የማይሰማው «ስ» የጸሐፊዎች ጌጥ አይደለም፤ ፊደሉ በ7ኛው መቶ ዓመት ሲቀረጽ በአፍ ይነገር የነበረ ድምፅ ነው። «ሠ»ንና «ሰ»ን በአንድ ድምፅ እያነበበ ለይቶ ለሚጽፍ የእኛ ተማሪ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ዬሽኬ ጉድለት የለበትም አልልም። የተቀመጠው በምዕራቡ ጠረፍ ነው፤ ቲቤት ራሷ ተዘግታበት ስለ ነበር የመካከለኛውንና የምሥራቁን አነጋገር የጎረቤቶቹን ያህል አልሰማም። በአርእስቱ ገጽ ላይም የረዱት ሰዎች ስም የለም፤ በዚህስ ቾማ ይበልጠዋል።

ሰንጠረዡን የሚመለከት ሰው ሌላም የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። የጥንቱን ድምፅ አጥብቀው ከያዙት መካከል ያሉት ባልቲዎች እስላሞች ናቸው፤ የቲቤትን ፊደል ትተው ዛሬ በአብዛኛው በዓረብና በፋርስ ፊደል ይጽፋሉ። ላሳዎች ደግሞ ድምፁን ጥለው ፊደሉን ያዙ። አጻጻፉ ንግግርን ይምሰል የሚሉ ሰዎች የማንን ንግግር ማለታቸው ነው? የላሳው ቢመረጥ የአምዶና የላዳክ ልጅ ሌላ ሰው የሚናገረውን ቋንቋ ሊጽፍ ነው። ከ1959 ዓ.ም. በኋላ ወደ ሕንድ የተሰደዱት የላሳ፣ የካምና የአምዶ ሰዎች ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ አይግባቡም፤ አንዱ ለሌላው ደብዳቤ ሲጽፍ ግን «ስካርማ»ን ሁሉም በአንድ ዓይነት ፊደል ይጽፉታል።