ስምንት ፉርጎ፣ ሦስት ሐዲድ፣ አንድ እብድ

ያዙኝ! ሐዲድ የሚባል ነገር በሌለባት መሸንቲ ተቀምጬ በፉርጎ ፍቅር ልሞት ነው። ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው አስፋልታችን ላይ ሲመላለስ የሚውለው አይሱዙና ባጃጅ ነው። እኔን ግን ከሰሞኑ በስልኬ ያገኘሁት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል፦ የሞዴል ባቡር! ክብ ሐዲድ ላይ ሲዞር ሲዞር ሕፃኑን ራሱ የሚያሰለቸውን አሻንጉሊት ማለቴ አይደለም። እኔ የምላችሁ ባቡሩ የትም የማይሄድበትን ነው።

አዎ፣ የትም አይሄድም! አላን ራይት የተባለ እንግሊዛዊ የፈለሰፈው «ኢንግልኑክ» መደርደሪያ ላይ የሚያርፍ ጠባብ ሳንቃ ነው። ሦስት ሐዲዶች አሉት፤ አንዱ አምስት ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት። ሦስቱ ተገናኝተው አንድ በሚሆኑበት አንገት ላይ ሎኮሞቲቩና ሦስት ፉርጎ ብቻ ይቆማሉ። እንግዲህ ስምንት ፉርጎዎች ይሰጧችኋል፤ አምስቱ በዕጣ ይወጣሉ፤ ዕጣው በወጣበት ቅደም ተከተል ረጅሙ ሐዲድ ላይ ማሰለፍ ነው ሥራችሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ቀላል የመሰለው ይሞክረው! የምትፈልጉት ፉርጎ ዘወትር ከማትፈልጉት ጀርባ ነው። የማትፈልጉትን ጎትታችሁ ታወጣላችሁ፤ ማቆያ ትፈልጉለታላችሁ፤ ማቆያው ሞልቷል። ገበጣ የሚጫወት ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ አንዷን ጠጠር ስታነሣ የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ ካላየህ አለቀልህ።

ስምንቱ ፉርጎዎች በ40,320 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቆሙ ይችላሉ። የሚፈለገው ባለ አምስት ፉርጎ ባቡር ደግሞ 6,720 ዓይነት ነው። ደስ የሚለው፣ መፍትሔ የሌለው አንድም የለም! ለመጫወትም ገንዘብ አያስፈልግም። እኔ የክብሪት ቀፎዎች ላይ ቁጥር ጽፌ፣ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ሐዲድ አሰምሬ፣ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ሎኮሞቲቭ አድርጌ ነው የጀመርኩት። ጎረቤቴ ቡና ሊጠጡ ገብተው «አንተ ልጅ፣ ጤናህን ነው?» አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን «ቆይ ቆይ፣ ሰባት ቁጥሯን መጀመሪያ አውጣት እንጂ!» ማለት ጀመሩ። ቡናው ቀዘቀዘ።

ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ቆሻሻው ነው፤ እውነቴን ነው፣ ቆሻሻው! ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ውስጥ ጆን አለን የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ባለ ሞዴሎች ሁሉ ባቡራቸውን ሲያብረቀርቁ እሱ ያዝግ፣ ያቆሽሽ፣ ያስረጅ ነበር። «ታይምሴቨር» የሚባለውን ሌላውን የፉርጎ እንቆቅልሽም ያወጣው እሱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1972። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1973 ሞተ፤ ብዙ ቀናት ሳይቆጠሩ ዕድሜውን የፈጀበት የባቡር ዓለም በእሳት ወደመ። ፎቶግራፎቹን አይቼ እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ።

የጨው ዘዴውን ስሙልኝ! ፉርጎዋን መጀመሪያ የዝገት ቀለም ይቀቧታል። ሲደርቅ በውኃ አርጥበው ጨው ነስንሰውባት ዋናውን ቀለም ከላይ ይረጫሉ። ከዚያ ጨዉን ያራግፉታል፤ ቀለሙ አብሮ እየተላጠ ዝገቱ ብቅ ይላል፣ ልክ ሃያ ክረምት እንደደበደበው ቆርቆሮ። ሲያስረጁም ዝም ብለው አይቀቡም። ዝናብ ወደ ታች ስለሚወርድ የዝገቱ እንባ ከብሎኑ ሥር ቁልቁል ይወርዳል። እንደ ጎማ የሚያገለግለው ብረት ጎኑ ጥቁር ነው፤ ሐዲዱን የሚነካው ገጹ ግን ሲፋተግ ስለሚውል ያበራል። ወለሉ ላይ አንዷ ጣውላ ከሌሎቹ አዲስ ከሆነች ፉርጎዋ ተጠግናለች ማለት ነው። ቆሻሻው የሥራ ታሪኳ ነው!

ይህን ካወቅሁ ወዲህ መንገድ ዳር ቆሜ የጭነት መኪና ሳነብ እውላለሁ። በክረምት ቀዩ አፈራችን ጎማው እስከሚረጭበት ከፍታ ድረስ ተለጥፎ፣ ከዚያ በላይ ሳስቶ፣ በበሩ እጀታ ዙሪያ በእጅ ተጠርጎ... አንዱ ሾፌር «ምን ሆነብኝ መኪናው?» ብሎ ደንግጦ ወረደ። ምን ብዬ ላስረዳው?

አሁን ሕልሜ ድሬዳዋ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ደርሶ የወለዳት ከተማ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ገና እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ጣቢያው ግቢ ውስጥ አሮጌ ፉርጎዎችና ሎኮሞቲቮች ዛሬም ቆመዋል፤ ፀሐይ ያነጣው ቀለም፣ ዝገት፣ አቧራ... ጨው ሳያስፈልገው ሁሉም በተፈጥሮ! የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ በጣም በተለመደው የሞዴል ልክ፣ በ87 ሲካፈል፣ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል፤ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ደግሞ ተሠርቶ ይሸጣል። መስመሩ በሙሉ፣ 784 ኪሎ ሜትሩ፣ ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመሸንቲ ባሕር ዳር እንኳ አያደርስም! እኔ ሙሉውን አልለምንም። የጣቢያውን አንድ ጥግ፣ ሦስት ሐዲድና ስምንት ፉርጎ ብቻ። እጁ የተባረከ የድሬ ልጅ ካለ ይሥራልን፤ አቧራውን ግን አሸዋማ ያድርገው፣ ቀዩ የእኛ ነው።