ከምድጃ የወጣ ጭቃ

የቁፋሮ ጭቃ ሻጮች ሲያሳዩን ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ገና የተበጠበጠውን ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሙቀት ካገኘው በኋላስ?

በጋይንት ደጋ፣ ነፋስ መውጫ አካባቢ ለሚቆፈር የመቶ ሜትር የውኃ ጉድጓድ ይህ ጥያቄ አያስጨንቅም። ከጓር ሙጫ የተሠራ ጭቃ ይበቃል። ውኃ ውስጥ ያደረ ተልባ እንደሚያወጣው ልጋግ ውኃውን ያወፍረዋል፣ የተፈጨውን ድንጋይ ተሸክሞ ይወጣል። ሥራው ሲያልቅ በባክቴሪያ ወይም በክሎሪን ይፈርስና ለምንጩ መንገድ ይለቃል። እዚያ ቶሎ መፍረሱ ሙያው ነው።

አሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት መስክ ላይ ግን ያው ጠባይ ጉድለት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተቆፈሩት 8 የእንፋሎት ጉድጓዶች በአንዳንዶቹ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ተለክቷል። ጭቃ ማወፈሪያው ስታርች ገና 120 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሞለኪውሉ ሰንሰለት ይበጣጠሳል፤ ሌላው ማወፈሪያ ዛንታንም ብዙ አይርቅም። እንፋሎቱ ካለበት ዐለት ሲደረስ ጭቃው ስንጥቁን እንዳይደፍን በውኃ፣ ወይም አየር በተቀላቀለበት ውኃ መቆፈር የተለመደ ነው። የጭቃው ፈተና ከዚያ በላይ ባለው ክፍል ነው፣ በተለይ ፓምፑ ቆሞ ጭቃው ካለበት ሳይንቀሳቀስ ሲግል።

የጭቃ ውፍረት በሚለካበት ማርሽ ፈነል 946 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ በ26 ሰከንድ ይወርዳል፤ ጭቃው ከዚያ ምን ያህል እንደዘገየ ይቆጠራል። ይህ ቁጥር ብቻውን አያሳምነኝም። ናሙናው በብረት ዕቃ ታሽጎ በሚሽከረከር ምድጃ ውስጥ 16 ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ ይከፈት። እንደ ውኃ ከቀጠነ፣ ደለሉ ከታች ከተጋገረ፣ ወይም ወደ አሲድነት ካዘነበለ ፖሊመሩ፣ ማለትም የሚያወፍረው ሰንሰለት፣ ተበልቷል። ቀጥሎ በግፊት ይጣራ። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ሽፋን ስስና ጥብቅ ከሆነ ደስ ይለኛል። ወፍራምና ልል ሽፋን ጉድጓድ ውስጥ ቧንቧ ይይዛል፤ ያን ጊዜ የሚባክነው ጊዜና ገንዘብ ብዙ ነው።

ጭቃው ሙቀት አልችል ሲል ዱቄቱን እጥፍ ማድረግ የሰነፍ መላ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ፓምፑን ያስጨንቃል፣ ሲግል ግን እንደ በፊቱ ይበጠሳል። ጥሩ ባለሙያ ሰንሰለቱን የሚበጥሰውን ይፈልጋል። ኦክስጅኑን በሶዲየም ሰልፋይት ያስወግዳል፣ አሲዱን በማግኒዥየም ኦክሳይድ ይከላከላል፣ ዛንታኑን በፎርሜት ጨው ይደግፋል። ሙቀቱ ከዚህም ካለፈ በሰው ሠራሽ ፖሊመር ለመተካት አያመነታም፤ ይህን ደፍሮ የሚነግረኝን ሰው አምነዋለሁ።

ጭቃ የምትገዙ ሁለት ውጤት ጠይቁ፣ ከምድጃ በፊትና በኋላ፤ የምድጃው ሙቀት ስንት እንደነበረም ይጻፍላችሁ።