የላይኛው ካርድ ቀድሞ ይሞታል

ሁለት ግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት የጌም ኮምፒውተር ለጥገና ሲመጣልኝ ክዳኑን ሳልከፍት የምገምተው ነገር አለ፤ የታመመው የላይኛው ካርድ ነው። ግምቴ አይስትም አልልም፤ ግን ብዙ ጊዜ ይይዝልኛል። ሁለቱ ካርዶች አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዙ ቢሆኑም ዕድሜያቸውን የሚለየው የተሰኩበት ቦታ ነው። በተለመደው ኬዝ ውስጥ የካርዱ ማራገቢያ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ይቀመጣል። የታችኛው ካርድ ከኬዙ ሥር የሚገባውን ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ከላይኛው ሥር ያለው ግን የባልደረባው ትኩስ ጀርባ ስለሆነ የሚደርሰው የሞቀ አየር ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ጣት ካልሰፋ የ10 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ የሙቀት ልዩነት ይታያል።

የላይኛውን ስፈታው የማገኘው ብዙም አይለያይም። ቴርማል ፔስቱ ደርቆ በጥፍር ሲነካ ይረግፋል። ሚሞሪ ቺፖቹ ላይ የተለጠፈው ፓድ ዘይቱን አንጠባጥቦ ቦርዱን አወርዝቶታል። ከማራገቢያዎቹ አንዱን በጣቴ ሳሽከረክረው ወዲያው ይቆማል፤ ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ኩሽኔታው ይንቋቋል። የታችኛው ግን አቧራው ከተነፋለት ገና ብዙ የሚሠራ ነው።

"ስንት ዓመት ያገለግላል?" የሚለው ጥያቄ ከዋጋ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ቺፑ ራሱ ከሁሉም በኋላ ነው የሚያረጀው። ቀድመው የሚሄዱት በዙሪያው ያሉት ናቸው፦ ማራገቢያ፣ ፔስት፣ ፓድ፣ ካፓሲተር፣ ብየዳ። ካፓሲተሩን እንውሰድ። በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ካሉት ሲሊንደር መሰል ካፓሲተሮች ጎን ላይ 105 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ተራ የሆነው ዓይነት በዚያ ሙቀት 2,000 ሰዓት እንዲሠራ ተብሎ የተመረተ ነው። የሙያው የቆየ ስሌት ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው እጥፍ ይሆናል ይላል። በ75 ዲግሪ 16,000 ሰዓት፣ በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ማለት ነው። በቀን ስድስት ሰዓት ለሚጫወት ልጅ ይህ የሰባት ዓመትና የአሥራ አራት ዓመት ልዩነት ነው። ሁለተኛ ካርድ ሲጨመር የሚጨመረው ሙቀት ከዚሁ ሒሳብ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ብየዳው የራሱ ታሪክ አለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2006 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ እርሳስ እንዳይገባ ሲከለክል ፋብሪካዎች ወደ ሌላ የብየዳ ቅይጥ ተሻገሩ። በ2008 ኤንቪዲያ በላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፖቹ ማሸጊያ ቁስ ድክመት የተነሳ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚይዝ አሳወቀ። የብየዳ መጋጠሚያን የሚሰነጥቀው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ መሞቅና መቀዝቀዙ ነው። ማታ 85 ዲግሪ የደረሰ ካርድ ጠዋት 20 ዲግሪ ላይ ይገኛል፤ ቺፑና ቦርዱ እኩል ስለማይለጠጡ በየቀኑ መጋጠሚያውን ይጎትቱታል። ካርድን ኦቭን ውስጥ አስገብቶ "መጋገር" ከዚህ የመጣ ዘዴ ነው። ለጥቂት ቀን ወይም ሳምንት ያስነሳዋል፤ ከዚያ መልሶ ይተኛል። እኔ ለዚህ ሥራ ገንዘብ አልቀበልም፤ የሚቀበልም ቢያጋጥማችሁ አትስጡ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የማንም የመገጣጠሚያ መመሪያ የማይነግረን ነገር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፈን ነው የምንኖረው፤ እዚህ ያለው አየር ጥግግቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ማራገቢያው በደቂቃ ያው ዙር ቢዞርም የሚገፋው አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንኑ ያህል ቀንሷል። ብርዱ ያካክሰዋል የሚል አለ፤ በክረምት ማታ እውነት ነው፤ በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን ልንገናኝ እንችላለን። ጉዳዩ ማቀዝቀዝ ብቻም አይደለም። ከቻይና የሚመጡ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮችን ገልብጣችሁ ብታዩ ትንሽ የተራራ ምልክት ከሥሩ 2000 ሜትር የሚል ጽሑፍ ይዛ ታገኛላችሁ። ከዚያ ከፍታ በታች ብቻ ተጠቀሙ ማለቷ ነው፤ የሳሳ አየር የኤሌክትሪክ መከላከያነቱም ይቀንሳልና። ምልክቷን ያነበበ ደንበኛ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የመብራቱን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። የሚጎዳው መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ግፊት ነው። ብዙ ቤት ያለው 650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነው። ሁለት ካርድ የጫነ ማሽን ጌም መሀል ላይ 600 ዋት እየጠጣ መብራት ቢሄድ ዩፒኤሱ ጮኾ እዚያው አብሮ ይጠፋል፤ ማለትም ዩፒኤስ አለኝ ያለው ሰው የለውም። ለሁለት ካርድ የሚሆን ዩፒኤስ ዋጋው የካርድ ያህል ነው። ደንበኛው ግን ለሁለተኛው ካርድ ሲል የሚቆርጠው ከዚሁና ከፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼ ነው።

ሁለት ካርድ የማጣመር ሐሳብ ራሱ ከየት መጣ? በ1998 ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው ኩባንያ ቩዱ 2ን ሲያወጣ ሁለቱ ካርዶች የምስሉን መስመሮች ተከፋፍለው እንዲሥሉ አደረገ። ኩባንያው ሲወድቅ ንብረቱን የገዛው ኤንቪዲያ በ2004 ኤስኤልአይ የሚለውን የዚያን ዘዴ ስም በሌላ አሠራር አስነሳው፤ በ2005 ኤቲአይ በክሮስፋየር ተከተለ። በብዛት የሠራው አሠራር ተራ በተራ መሣል ነው፤ አንዱ ካርድ አንዱን ፍሬም፣ ሌላው ቀጣዩን። በሰከንድ የሚታየው የፍሬም ቁጥር ያድጋል፤ የፍሬሞቹ አመጣጥ ግን እኩል ስለማይሆን ስክሪኑ ላይ 60 ተብሎ ተጽፎ ዓይን ግን መንገጫገጭ ያያል። ሚሞሪውም አይደመርም።

"ጋሼ፣ አራት ጊጋና አራት ጊጋ ስምንት አይሆንም እንዴ?" ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ።

"አይሆንም። ሁለቱም አንዱን ነገር ነው የሚይዙት።"

"ታዲያ ለምን ሁለት እገዛለሁ?"

ጥያቄው ትክክል ነበር። ያኔ የነበረው መልስ "ለዕድሜ" የሚል ነው፤ በእኛ ሙያ እንደ ቀኖና የተያዘ ምክር ነበር፤ ዛሬ አንድ ግዛ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲረክስ ሁለተኛውን ጨምር፣ ማሽንህ እንደገና አዲስ ይሆናል። ሒሳቡን በጂቲኤክስ 970 እንየው። መስከረም 2014 ሲወጣ 329 ዶላር ነበር፤ ታላቅየው 980 ደግሞ 549። ሁለት 970 በሚደግፋቸው ጌም ላይ 980ን በሰፊው ይቀድሙ ነበር። በ2016 ጂቲኤክስ 1070 መጣ፦ አንድ ካርድ፣ 150 ዋት፣ 8 ጊጋ። ሁለተኛውን 970 ልግዛ ብሎ ሁለት ዓመት የጠበቀው ሰው ያገኘው ሌላ ሰው የተጠቀመበት ካርድ፣ ወደ 300 ዋት የሚጠጋ ፍጆታና ያችኑ 4 ጊጋ ነው። አሮጌውን ሽጦ አዲሱን የገዛው አተረፈ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ የጠጋኝ እጅ የማይደርስበት ነው። ሁለት ካርድ አብሮ እንዲሠራ ለእያንዳንዱ ጌም በድራይቨሩ ውስጥ የተለየ ዝግጅት ያስፈልጋል። አዳዲስ ጌሞች የአሁኑን ፍሬም ለመሣል ያለፈውን ፍሬም መረጃ መጠቀም ሲጀምሩ ተራ በተራ የመሣሉ ዘዴ እግሩ ተቆረጠ፤ አንዱ ካርድ የሌላውን ሥራ መጠበቅ አለበትና። ዳይሬክትኤክስ 12 ኃላፊነቱን ከድራይቨር ወደ ጌም ሠሪው ሲያሻግር አብዛኞቹ ሠሪዎች አልነኩትም፤ ሁለት ካርድ ያለው ተጫዋች ጥቂት ነው፣ ሥራው ግን ብዙ ነው። መስከረም 2020 ኤንቪዲያ ከጥር 2021 ጀምሮ ለአርቲኤክስ 20 እና ከዚያ በፊት ለነበሩት ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ዝግጅት እንደማይጨምር አስታወቀ። በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ሁለት ካርድ የሚያገናኘው ድልድይ የሚሰካበት ቦታ ጭራሽ የለውም። ዛሬ ጤነኛ ሁለት ጂቲኤክስ 1080 ያለው ሰው አዲስ ጌም ሲከፍት አንደኛው ካርድ በአብዛኛው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ያልተቃጠለ ካርድ በዚህ መንገድም ይሞታል።

ለጌም ሁለት ካርድ የሚያሠራኝ ደንበኛ ዛሬ ከመጣ አልገጥምለትም፤ ሌላ ቦታ ቢሄድ ይሻለዋል። ለሌላ ሥራ ግን ሁለት ካርድ ገና በሕይወት አለ። በብሌንደር የሕንፃ ምስል የሚያወጡ ልጆች ሁለቱንም እኩል ያሠሯቸዋል። ቤታቸው የቋንቋ ሞዴል ለማስነሳት ሁለት ያገለገለ አርቲኤክስ 3090 የሚፈልጉም መጥተዋል፤ እያንዳንዱ 24 ጊጋ ስለሆነ ሞዴሉን ለሁለት ከፍሎ መጫን ይቻላል። 3090 ግን ክፉ ጎረቤት ነው። 350 ዋት ይጠጣል፣ የሚሞሪ ቺፖቹ ግማሽ ከቦርዱ ጀርባ ነው የተለጠፉት፤ ሁለት ስትደረድር የታችኛው ትኩስ ጀርባ የላይኛው ካርድ ማራገቢያ አፍ ላይ ይገጥማል።

እንዲህ ያለውን ስገጥም መጀመሪያ የማየው ማዘርቦርዱን ነው፤ በሁለቱ ረጃጅም ስሎቶች መካከል የአራት ስሎት ርቀት ከሌለው አልጀምርም። ከዚያ ካርዶቹን በሶፍትዌር ከ350 ወደ 280 ዋት አወርዳቸዋለሁ፤ የሚቀንሰው ፍጥነት ትንሽ ነው፣ የሚቀንሰው ሙቀት ግን በእጅ ይዳሰሳል። ፓወር ሰፕላዩ ከዋት መጠኑ በላይ ድንገተኛ ጭማሪን የሚችል መሆን አለበት፤ እነዚህ ካርዶች ለቅጽበት ከተጻፈላቸው ዋት በጣም አልፈው ይዘላሉ፤ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ያኔ ይዘጋል፤ ባለቤቱም ካርዱ ተበላሸ ብሎ ይዞት ይመጣል። ለእያንዳንዱ ባለ 8 ፒን መሰኪያ የራሱን ኬብል እስባለሁ። አንዱን ኬብል ለሁለት የሚከፍለውን ማያያዣ ሱቄ ውስጥ አላኖርም፤ ቀልጦ ጥቁር የሆነ መሰኪያ ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

ያገለገለ ካርድ ስንል ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 2022 በካርድ መቆፈርን (ማይኒንግን) ሲያቆም ገበያውን ያጥለቀለቀውን ሁሉ "የማይኒንግ ነው" ብሎ መሸሽ ልክ አይመስለኝም። ቀን ከሌት በአንድ ሙቀት ላይ የቆየ ካርድ ብየዳው በየቀኑ ከሚሞቅና ከሚቀዘቅዘው የጌም ካርድ ያነሰ ሊጎዳ ይችላል። ያለቀው ማራገቢያውና ፓዱ ነው፤ ሁለቱም ይለወጣሉ። የብሎኖቹን ራስ እዩ፤ ተፍቆ ከሆነ አንድ ሰው ከፍቶታል፤ ለምን እንደከፈተው ጠይቁ።

አቧራውን በብሎወር የምትነፉ ደግሞ ማራገቢያውን በጣት ያዙት። ብሎወሩ ከልኩ በላይ ሲያሽከረክረው ኩሽኔታውን ይበላዋል፤ ሲያፏጭ መስማት የሚያስደስተው ሰው ግን ሞልቷል።

ቤታችሁ ሁለት 970 ወይም ሁለት 1080 የያዘ ማሽን ካለና የምትጠቀሙበት ለጌም ከሆነ አንዱን አውጡት። የምታስቀሩት የታችኛውን ይሁን፤ ብዙ ያልበሰለው እሱ ነው። ወደ ላይኛው ስሎት አምጡት፤ በአብዛኛው ማዘርቦርድ ላይ ሁለቱ ሲሰኩ ስምንት ስምንት ተካፍለውት የነበረውን አሥራ ስድስት የመረጃ መስመር ብቻውን ያገኛል። ፔስቱን አድሱለት። የወጣውን አትሽጡት፣ ለመለዋወጫ አስቀምጡት፤ የሚያወጣው ዋጋ ይህን ያህል አይደለም፤ የእነዚያ ሞዴሎች ማራገቢያ ለብቻው ደግሞ ገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም።