ስሙን የተነጠቀው ሰው

አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲሉ፣ የሰው ሥጋ ፈርሶ አፈር ቢሆንም ስሙ ሕያው ሆኖ ይቀራል ማለታቸው ነው። አንድ መጽሐፍ የሞተውን ሰው ስም ለውጦ ለትውልድ ሲያስተላልፍ ግን ምን እንበል? ይህን ጥያቄ ያስነሣብን እንግሊዛዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ሰር ፍሬድሪክ ትሪቭስ በ1923 ዓ.ም. ያሳተመው «ዝሆኑ ሰውና ሌሎች ትዝታዎች» የተባለው መጽሐፍ ነው። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

አስቀድመን የባለታሪኩን ሕይወት ባጭሩ እናውሳ። ጆሴፍ ሜሪክ በ1862 ዓ.ም. ሌስተር በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ አካሉ ከልክ በላይ ማደግ ጀመረ፤ ራሱ ገዘፈ፤ ቆዳው ሻከረ፤ ቀኝ እጁም ለሥራ የማይሆን ሆነ። በ1873 ዓ.ም. እናቱ ሞተች፤ አባቱም ሌላ ሚስት ሲያገባ ልጁ በገዛ ቤቱ ባይተዋር ሆነ። ሲጃራ በመጠቅለል ሥራ ቢገባ እጁ እየከበደ ሄዶ አስተወው፤ ሸቀጥ እያዞረ ቢሸጥ ሰዎች መልኩን አይተው ሸሹት። በመጨረሻም ድኾች በጥብቅ ደንብ እየሠሩ ከሚያድሩበት መጠጊያ ቤት ገብቶ ከአራት ዓመት በላይ ኖረ። በ1884 ዓ.ም. ከዚያ የወጣው ገላውን ለትርኢት አቅርቦ እንጀራውን ለማግኘት ራሱ ወስኖ ነው።

ትሪቭስ ሜሪክን ያገኘው በዚያው ዓመት፣ ከለንደን ሆስፒታል ፊት ለፊት ባለች ሱቅ ውስጥ ቶም ኖርማን የተባለ ትርኢት አሳዪ ሲያሳየው ነው። በኋላ ሜሪክ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ፣ ብራስልስ ላይ ገንዘቡን ተዘርፎ ቀረ፤ በ1886 ዓ.ም. ለንደን ሲመለስም ትሪቭስ ተቀበለው። ሕዝቡ ባዋጣው ገንዘብ በሆስፒታሉ ውስጥ ኖሮ፣ በ1890 ዓ.ም. በሃያ ሰባት ዓመቱ ዐረፈ።

የመጽሐፉን መልካምነት አንሸሽግም። ትሪቭስ ያየውን ነገር ያለ ጌጥ ይጽፋል፤ ሜሪክ በጨለማው ሱቅ ውስጥ ተጨብጦ የተቀመጠበትን ሥፍራ ሲያሳየን አብረነው የገባን ያህል ይሰማናል። አንዲት ሴት ፈገግ ብላ በጨበጠችው ጊዜ ማልቀሱን የሚያወሳው ክፍል የአንባቢን ልብ ይነካል። ደራሲው ርኅሩኅ ሰው መሆኑም አያጠራጥርም።

ነገር ግን ርኅራኄ ከእውነት ሲለይ ጕዳት ያመጣል። በመጀመሪያ፣ ትሪቭስ ለዓመታት ያስታመመውን ሰው ጆሴፍ በማለት ፈንታ ጆን ይለዋል። ስሙ ተሰውሮ አልነበረም፤ የሆስፒታሉ ሊቀ መንበር ካር ጎም በ1886 ዓ.ም. ለ«ታይምስ» ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ በትክክል ጠርቶታል። ሁለተኛ፣ ትሪቭስ እናቱ ልጅዋን ጥላው እንደ ሄደች ይጽፋል፤ ስለ ውበትዋ የነገረውንም እንደ ሕልም ይቈጥረዋል። በሜሪክ ስም የታተመችው ትንሽ ጽሑፍ ግን የሕይወቱ ታላቅ መከራ የእናቱ ሞት መሆኑን ትናገራለች። እናት ያልሠራችውን ኀጢአት በመቃብርዋ ላይ መጻፍ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ሦስተኛው ጕድለት ከሁሉ ይከፋል፤ ይኸውም የሰውየውን ፈቃድ መካድ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ኖርማን ሜሪክን እንደ ውሻ የሚያዝ ጨካኝ ሆኖ ይታያል። ኖርማን በበኩሉ ይህን ተቃውሞ፣ ገቢውን እኩል እንካፈል ነበር ብሏል፤ ሜሪክ በሐኪሞች ፊት ተገልጦ መቆሙን በከብት ገበያ ከመቆም ጋር እንዳመሳሰለውም ተናግሯል። ኖርማን በሰው ጕድለት ያተረፈ ነጋዴ ስለ ሆነ ቃሉን ሁሉ አምነን አንቀበልም። ነገር ግን ትሪቭስ በትርኢት አሳዪው ላይ ሲፈርድ፣ አንድን ሥራ ወዳድ ወጣት የትርኢት ቤትን ከመጠጊያ ቤት እንዲመርጥ ያስገደደውን ችግር አይመረምርም። በእኛ አስተያየት ዋናው ተወቃሽ ያ ችግር ነው።

የመጽሐፍ ስሕተት ከደራሲው ጋር አይቀበርም። ዴቪድ ሊንች በ1980 ዓ.ም. ያወጣው ዝነኛ ፊልም ጆን የሚለውን ስም ወርሶ፣ የሚደበድብ ሰካራም ትርኢት አሳዪም ፈጥሮ ጨመረበት። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ለተሳሳተው ስም አለቀሰ።

እንግዲህ መምህራንና ተማሪዎች፣ ይልቁንም ብዕር የምታነሡ ወገኖች ሆይ፣ ስለ አካለ ስንኩል ሰው ስትጽፉ ከማዘን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስሙን፣ የእናቱን ነገር፣ ራሱ የፈቀደውን ስሙት። ሜሪክ በደኅነኛዋ ግራ እጁ ከካርቶን ያነጸው የቤተ ክርስቲያን አምሳል ከሞቱ በኋላ ተርፏል። ባለሙያ የነበረውን ሰው ምስኪን ብቻ አድርጎ የሚያሳይ ጽሑፍ፣ በቀና ልብ ቢጻፍም፣ ያው የትርኢት ድንኳን ነው።