የትዝታ ግጥም ፍች በክፍል ውስጥ

የዘፈንን ግጥም ለአማርኛ ትምህርት መሣሪያ ማድረግ የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ተማሪው ወደ ክፍል ሲገባ በቃሉ የያዘው ግጥም ቢኖር አብዛኛው በዘፈን የሰማው ነውና። የዚህ ጽሑፍ ወቀሳ ልማዱን ተከትሎ በሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም «የዚህ ግጥም ወርቁ ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ይህ ጸሐፊ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተገኝቶ የተመለከተው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። መምህሩ ከአንድ የትዝታ ዘፈን ስንኞች መርጠው በሰሌዳ ላይ ከጻፉ በኋላ ዘፋኙ «አንቺ» የሚላት ማን እንደሆነች ጠየቁ። አንዲት ተማሪ «ትዝታን ራሷን ነው፤ የጠፋውን ሰውማ የረሳው ይመስላል» ስትል መለሰች። መምህሩ ግን ወርቁ አገር መሆኑን ገልጸው መልሱን ስሕተት አሉት። ልጅቷ ተቀመጠች፤ ከዚያ በኋላ እጁን ያወጣ ተማሪ አልነበረም።

መምህሩ የተመረኮዙት በሰምና ወርቅ ሥርዓት ነበር። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ራሱ አይደግፋቸውም። ወርቅ የሚወጣው ከኅብረ ቃል ነው። ለምሳሌ «ይማር» የሚለውን ቃል እንውሰድ። «ማ» ጠብቆ ሲነበብ ትምህርት ይቅሰም ማለት ሲሆን፣ «ነፍስ ይማር» እንደምንለው ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ምሕረት ያድርግ ማለት ነው። አንድ ገጣሚ ቃሉን ስለ ልጁ በሚናገርበት ስንኝ ውስጥ ቢያስገባው ሁለቱንም ፍች ጣታችንን በቃሉ ላይ አሳርፈን ለማሳየት እንችላለን። ወርቅ አለ የሚል ሰው በየትኛው ቃል ላይ እንዳለ የማሳየት ግዴታ አለበት። በዚያ ሰሌዳ ላይ ግን አንድም ኅብረ ቃል አልነበረም። (በነገራችን ላይ፣ በጽሑፍ አንድ የሚመስለውን ቃል ዘፋኙ ወይ አጥብቆ ወይ አላልቶ ማዜሙ ስለማይቀር፣ የዘፈን ግጥም ሳይደመጥ በሰሌዳ ብቻ መተርጎሙ ሌላ ጉድለት ነው።)

«አገር» የሚለው ፍች እንግዲህ ከግጥሙ ውጭ የመጣ ነው። ከውጭ መምጣቱ ግን መሠረት የለውም አያሰኝም። በ1953 ዓ.ም. የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ከታሰሩት መካከል የክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ባልደረባ የነበረው ጥላሁን ገሠሠ ይገኝበት ነበር። በየዘመኑ ሳንሱርን የለመደ አድማጭ በስንብት ዘፈን ውስጥ ከስንብት ያለፈ ነገር ቢሰማ አይፈረድበትም። ይህ የአድማጩ ታሪክ ነውና በዚሁ ስሙ ቢሰጥ እጅግ ጠቃሚ ትምህርት ይወጣዋል።

ትዝታ በተለይ ለአንድ ቁርጥ ያለ ፍች አይመችም። ቃሉ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር የሚቆጠረው ቅኝት ስም ነው፤ በቅኝቱ የሚዜመው ዘፈን ስም ነው፤ የሚዘፈንለት ስሜትም ስም ነው። ዘፋኙ «ትዝታ» ብሎ ሲጣራ ከሦስቱ የትኛዋን እንደጠራ መለየት ያዳግታል፤ መለየቱም አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ማሕሙድ አሕመድ፣ አስቴር አወቀ ወይም በዛወርቅ አስፋው ትዝታን ሲያዜሙ ሁሉም አንድ ዓይነት ግጥም አይሉም። ብዙው ስንኝ ከሕዝብ የጋራ ጎተራ የሚቀዳ ስለሆነ ዘፋኙ እንደ ስሜቱ ይመርጣል፤ ቅደም ተከተሉንም ይለውጣል። ስለሆነም መነሻና መድረሻ ያለው ታሪክ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ከሁለቱ ስንኞች የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ለቤት መምቻ የገባ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ስለ ሣርና ስለ ተራራ የተነገረውን ሁሉ ምሳሌያዊ ነው እያሉ ተማሪን ማስጨነቅ ግጥሙን አለማወቅ ነው።

ጉዳዩ ከክፍል አልፎ ወደ ፈተና ሲሸጋገር ይከፋል። አራት አማራጭ ቀርቦለት አንዱን የሚያከብብ ተማሪ የመምህሩን ግምት መገመት ይማራል እንጂ ግጥም ማንበብ አይማርም። ፈተና አዘጋጆች ጥያቄውን «ይህን እንድትል ያደረገህ የትኛው ቃል ነው?» ወደሚል ቢለውጡትና ነጥቡን ለማስረጃው ቢሰጡ እርማቱ ጊዜ እንደሚወስድ አይካድም። ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ለሚያስተምር መምህር ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ቢሆንም በአንድ የትምህርት ዘመን ሁለት ግጥም እንኳ በዚህ መንገድ ቢታረም ከሃያ ምርጫ ይሻላል።

በዚያ ሰሌዳ ላይ በተጻፉት ስንኞች የምትመጣውም የምትሄደውም ትዝታ ነበረች፤ የሰው ስም አንድም ጊዜ አልተጠራም። ልጅቷ ይህን ለማሳየት ከመቀመጫዋ ተነሥታ እስከ ሰሌዳው መሄድ ብቻ ይበቃት ነበር።