ለማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መልስ ስጽፍ

«ዘፈኔን ያለፈቃድ አሰራጭተሃል» የሚል ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው የጥብቅና ቢሮዬ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር አድርጎ ነው የሚመጣው። ፋይሉን ሁሉ አጥፍቷል፤ ለባለመብቱም በቴሌግራም «ሳላውቅ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ጽፏል። ሁለቱም ይጎዱታል። ማጥፋቱ ማስረጃ ለመደበቅ እንደተደረገ ይቆጠርበታል፤ ይቅርታው ደግሞ ድርጊቱን ያምናል። «ሳላውቅ ነው» የምትለዋ ቃልም ያሰበውን ያህል አታድነውም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በከባድ ቸልተኝነት መብት የጣሰንም በወንጀል ይጠይቃልና።

ከማዮ የመጣ አንድ ወጣት ግን ስልኩንም ፋይሉንም እንዳለ ይዞ መጣ። ማዮ በደቡብ ካርቱም ከደቡብ ሱዳንና ከኑባ ተራሮች የተፈናቀሉ ሰዎች የሰፈሩበት የድሃ ሰፈር ነው። እዚያ በነበረው የስልክ ሱቅ የአማርኛ ዘፈን ሜሞሪ ካርድ ላይ ይጭን ነበር፤ እኛ ሱዳናዊውን ዘፋኝ መሐመድ ዋርዲን እንደምንወደው ሱዳናውያንም ጥላሁን ገሠሠን ይወዳሉ፣ ገበያው አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጦርነቱ ሲነሳ በመተማ በኩል ገባ። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ያንኑ ስብስብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው፣ ደብዳቤውም መጣ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ እታሰራለሁ?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ወረቀት አወጣሁና የትኛው ዘፈን፣ የት፣ መቼ፣ ለማን እንደተባዛ አብረን መዘገብን። ሥራው በዋናነት ይኼ ነው። ደብዳቤው የማዮውንም የአዲስ አበባውንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ ካሳ ይጠይቃል። የቅጂ መብት ሕግ ግን በአገር ወሰን የታጠረ ነው። ማዮ ውስጥ የተጫነው ካርድ ጥያቄ የሚነሳበት በሱዳን ሕግ ነው፤ አዲስ አበባ ሆኖ ግሩፕ ላይ የለቀቀው ግን በእኛ አዋጅ ሥር ይወድቃል፣ ከዚያ ማምለጫ የለም። በስብስቡ ውስጥ ያሉት የሱዳን ዘፈኖችም ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ አንቀጽ 3 ጥበቃውን በመሠረቱ ለኢትዮጵያውያንና እዚህ ለሚኖሩ ደራሲዎች፣ እዚህ መጀመሪያ ለታተሙ ሥራዎችና በዓለም አቀፍ ስምምነት ለተሸፈኑት ነው የሚሰጠው።

ቀጥሎ ባለቤትነት ይመጣል። የኛ ዘፈን ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ የሦስተኛው ነው፤ ካሴቱን ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ደግሞ የራሱ መብት አለው። ደብዳቤ የጻፈው ሰው ከነዚህ የማንን መብት እንደያዘ በውል ያሳይ። ይህን መጠየቅ ክፋት የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን ገንዘቡ ለእውነተኛው ግጥም ደራሲ እንዲደርስ የምችለው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። አዋጁ ድምፃውያን በካሴት ቅጂ ተዘርፈው ለዓመታት ከጮኹ በኋላ የወጣ ነው፤ ይህን ለተከሳሽ ስቆምም ልረሳ አልፈልግም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስም ሥራው ያው ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በግልጽና በዝርዝር ያልተካደን ፍሬ ነገር እንደታመነ ይቆጥራል። ስለዚህ «ክሱ ሐሰት ነው» ብሎ በጅምላ መካድ ለደንበኛ መቆም አይደለም። እውነቱን አምኖ ያልሆነውን በተራ ቁጥር መካድ ይሻላል። ዳኛም የሚያምነው ያንን ነው።

ለማዮው ልጅ የጻፍነው መልስ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። በግሩፑ ላይ የተለቀቁትን ዘፈኖች በስማቸው ዘርዝረን አመንን፣ ከግሩፑ እንደተነሡም ገለጽን፤ ዋናዎቹን ፋይሎች ግን ለማስረጃ አስቀመጥናቸው። ለማዮው በእኛ አዋጅ ተጠያቂ አለመሆኑን ገለጽን፣ ውሉን ጠየቅን፤ በግሩፑ ላይ በተለቀቁት ብቻ ለመነጋገር ዝግጁ መሆናችንንም ጻፍን። የአዋጁ አንቀጽ 34 ለሞራል ጉዳት ከ100,000 ብር የማያንስ ካሳ ስለሚያስቀምጥ፣ ድርድሩ ክስ ከመመሥረቱ በፊት እንዲያልቅ ልጁን አጥብቄ መከርኩት። ውሉ ሲመጣ ከተዘረዘሩት ዘፈኖች ገሚሱን ብቻ ነው የሸፈነው፤ የተስማማነውም በእነሱ ላይ ነው።