ያለ ጽሑፍ ትወና በወደፊት አውደ ጥናት፦ ጥሩው በምን ይለያል?

ስለ መጪው ዘመን የሚመክሩ ተሳታፊዎችን ከወንበራቸው አስነስቶ ያለ ጽሑፍ ማስተወን የታወቀ ዘዴ ነው። ሳቁ የደመቀ፣ ጭብጨባው የሞቀ ሁሉ ግን ጥሩ ሥራ አይደለም። ዋናው መመዘኛ፣ ማንም ከቤቱ ይዞት ያልመጣ ሐሳብ ከጨዋታው ወጥቷል ወይ የሚለው ነው።

መጀመሪያ ጨዋታው መቼ እንደገባ እዩ። ሮበርት ዩንክና ኖርበርት ሙለርት እ.ኤ.አ. በ1981 በመጽሐፍ ያቀረቡት የወደፊት አውደ ጥናት ሦስት ምዕራፎች አሉት፦ ቅሬታ፣ ምናብ፣ ተግባር። የትወናው ቦታ መሃል ላይ ነው። ምሬቱን ሳይተነፍስ «በል አልም» የተባለ ሰው፣ ስለ ነገ ሲያወራም የዛሬን እሮሮ ነው የሚደግመው።

ቀጥሎ ንግግሩን አድምጡ። ሁለት ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ ያለ የውሃ ቢሮ ይጫወታሉ እንበል። ባለጉዳይዋ «ጣሪያዬ ላይ የወረደውን ዝናብ ላስመዘግብ ነው» ትላለች። ደካማው ተጫዋች «እንዲህ ያለ ሕግ የለም» ብሎ ይዘጋባታል። ጎበዙ ቀና ብሎ «የጎረቤትዎን ድርሻ ቀንሰዋል?» ይላታል። ወዲያው ዝናቡ ባለቤት አገኘ፤ ጠብም ተጫረ። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ሲባል ስንኙ መሬት እንደማይወድቅ ሁሉ፣ እዚህም የተወረወረ ሐሳብ መነሳት አለበት። ኪት ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1979 ስለዚሁ ዓይነት ትወና ባሳተመው «ኢምፕሮ» መጽሐፉ ሐሳብ መዝጋትንም፣ ብልህ ለመምሰል መጣጣርንም አጥብቆ ይነቅፋል። «ሁሉም ነገር ዲጂታል ይሆናል» የሚል ተጫዋች ገና ምንም አልተናገረም፤ ሰልፉን፣ ዋጋውንና የተናደደውን ሰው ያሳየን።

ሦስተኛው ነገር ማን ምን ሆኖ ይጫወታል የሚለው ነው። በብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ፎረም ቲያትር ተመልካቹ ትዕይንቱን አስቁሞ የተበደለውን ሰው ቦታ ይይዛል፤ ሌላ መውጫም ይሞክራል። ቦአል እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ደ ጃኔሮ ምክር ቤት አባል ሳለ፣ ከእንዲህ ዓይነት መድረክ የፈለቁ 13 ሕጎች ጸድቀዋል። የዘዴው ኃይል በሌላ ሰው ቦታ መቆም ነውና፣ አለቃው በጨዋታውም አለቃ ከሆነ ተጠራጠሩ። ጥሩ አወያይ ሥራ አስኪያጁን ሰልፍ ያስይዘዋል፣ ተላላኪዋን ሚኒስትር ያደርጋታል። መጫወት ያልፈለገን ደግሞ አያስገድድም።

ትልቁ ፈተና ከጭብጨባው በኋላ ነው። ደካማው አወያይ «ደስ የሚል ነበር፤ ሻይ እንውጣ» ይላል። ጎበዙ ማርከሩን አንስቶ ፍሊፕ ቻርቱ ላይ «የዝናቡ መዝገብ በማን እጅ ይሁን?» ብሎ ይጽፍና ክርክሩን ይከፍታል።

አወያይ ስትቀጥሩ ስንት ጨዋታ እንደሚያውቅ ሳይሆን ከጨዋታው በኋላ ምን እንደሚጠይቅ ጠይቁት። መልስ ካጣ ሌላ ሰው ፈልጉ።